ሞዴል የሚፈተነው መቼ ነው? ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ የሚጓዙ በካዮችና የኮምፒውተር ሞዴሎቻቸው ታሪክ



የዛሬውን ንግግሬን ዛሬም ድረስ ካልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ ልጀምር። ከሃያ ዓመታት በፊት የዶክትሬት ጥናቴን ልከላከል በፈታኞች ፊት ቆሜ ነበር። ሥራዬ በአፈር በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ጨዋማ ውሃ ከታች መቼና በምን ያህል መጠን እንደሚወጣ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። በግድግዳው ላይ ያሳየሁት ሥዕል እጅግ ያማረ ነበር፤ የሞዴሉ መስመር በላቦራቶሪ በለካኋቸው ነጥቦች ላይ ክር እንደተሰፋበት ጥልፍ ተጋድሞ ይታያል። ጥያቄዎቹ በሙሉ ቀላል ሆኑልኝ። በመጨረሻ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩ አንድ አዛውንት ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ነጥቦቹ የት ላይ ቢያርፉ ኖሮ ነበር ሞዴሌ ተሳስቷል የምትለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሊኖረኝም አይችልም ነበር። ምክንያቱም መስመሩ ነጥቦቹን እስኪገጥም ድረስ ሦስት የመለኪያ ቁጥሮችን ወዲያና ወዲህ ሳንቀሳቅስ ወራት አሳልፌአለሁ። ነጥቦቹ ሌላ ቦታ ላይ ቢያርፉ ኖሮ ቁጥሮቹን ለውጬ እዚያም እከተላቸው ነበር። ዲግሪው ተሰጠኝ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። ዛሬ ልነግራችሁ የምሻው የዚያን ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ፣ በዘርፉ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችን፣ አልፎም ታላላቅ የመንግሥት ተቋማትን ያስጨነቀ እንደሆነ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከሁሉ በፊት ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። ከእግራችን በታች ያለው መሬት በውሃ ረገድ በሁለት ይከፈላል። ከታች፣ በአፈሩና በዓለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ የተሞላበት አለ፤ የጉድጓድ ውሃ የምንቀዳው ከዚያ ነው። ከዚያ በላይ እስከ መሬቱ ገጽ ድረስ ያለው ግን ክፍተቱን ውሃና አየር የሚጋሩት፣ ውሃ ያልጠገበ ቀጠና ነው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ በበረሃ አገር ከመቶ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ገበሬው የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ ከቆሻሻ መጣያ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ፣ ከተቀበረ ጋን የሚያፈስ ኬሚካል የምንጠጣው ውሃ ዘንድ ለመድረስ በዚህ ቀጠና ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ከደረሰስ መቼ?

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 ስለ ዲዦን ከተማ የውሃ አቅርቦት ባሳተመው መጽሐፍ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ አስቀምጧል። የዳርሲ አሸዋ ግን ውሃ የጠገበ ነበር። ውሃ ያልጠገበውን አፈር ለመጀመሪያ ጊዜ በፊዚክስ ዓይን ያየው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ቢሮ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ቡኪንግሃም ነው። በ1907 በታተመው ጥናቱ ላይ፣ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው፣ ኤሌክትሪክም ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው እንደሚፈስ ሁሉ፣ ውሃም አፈሩ አጥብቆ ካልያዘበት ስፍራ አጥብቆ ወደያዘበት ስፍራ እንደሚሄድ ገለጸ። ከዚህ የሚበልጠው ሐሳቡ ግን አፈር ውሃን የማስተላለፍ አቅሙ ቋሚ ሳይሆን በውስጡ ባለው የውሃ መጠን የሚወሰን ነው ማለቱ ነው።

ይህ ነገር ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል። ደረቅ አሸዋ ከእርጥብ ሸክላ አፈር ይልቅ ውሃን ሊያግድ ይችላል። አሸዋው ሲደርቅ መጀመሪያ ባዶ የሚሆኑት ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ውሃው በጠባቡ ብቻ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ አሸዋ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ብዙ የለውም። ሰፊው መንገድ ሲዘጋ በጠባቡ የሚኖረውን መጨናነቅ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሎሬንዞ ሪቻርድስ በ1931 የቡኪንግሃምን ሐሳብ ከውሃ መጠን ጥበቃ ሕግ ጋር አጣምሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን እኩልታ ጻፈ። (የአየር ትንበያ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ተመሳሳዩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በ1922 መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮት ነበር። በሳይንስ ስም የሚያወጣ ሁልጊዜ ቀድሞ የደረሰው አይደለም።) እኩልታው አጭር ነው፤ በወረቀት ላይ አንድ መስመር አይሞላም። ይሁን እንጂ የማስተላለፍ አቅሙ ራሱ በሚፈለገው መልስ ላይ ስለሚመረኮዝ በእርሳስና በወረቀት የሚፈታው በጣት በሚቆጠሩ ቀላል ሁኔታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ለሠላሳና ለአርባ ዓመታት ያህል ሙሉ ፈቺውን ሲጠብቅ ኖረ። ፈቺው ኮምፒውተር ሆነ። በ1971 አለን ፍሪዝ የጠገበውንም ያልጠገበውንም ቀጠና አንድ ላይ፣ በሦስት አቅጣጫ የሚያሰላ ሞዴል አሳተመ። በ1980 ደግሞ ሪን ፋን ጌኑክተን የአፈርን ውሃ የመያዝ ጠባይ በጥቂት ቁጥሮች የሚገልጽ ቀመር አቀረበ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የዘርፉ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔም በዶክትሬቴ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቀስኳቸው ቁጥሮች የእሱ ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን አፈሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተለየ ነገር ሲናገር ነበር። በእንግሊዝ አገር ሮታምስትድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ በ1870 ያልተነካ አፈር ከሥሩ ተፈልፍሎ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚለካባቸው ሦስት መሣሪያዎች ተሠርተው ነበር። ሎውዝ፣ ጊልበርትና ዋሪንግተን ከዚያ የተገኘውን ውጤት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲያሳትሙ፣ ከዝናብ በኋላ የሚወርደው ውሃ ሁለት ዓይነት መሆኑን አስተውለዋል። አንደኛው በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያልፍና የአፈሩን ጨው ይዞ የሚወጣ ነው፤ ሌላው በስንጥቅ፣ በሥርና በትል መንገድ ቶሎ ወርዶ የዝናብን ጠባይ እንደያዘ የሚወጣ ነው። ይህ የታየው ሪቻርድስ እኩልታውን ከመጻፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። እኩልታው ሲመጣ ግን ሁለተኛው ውሃ ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። አፈር ሁሉ እንደ ተነፋ ዱቄት አንድ ወጥ ነው የሚለው ግምት ለስሌት ይመች ነበርና።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከካሊፎርኒያ መጣ። ዶናልድ ኒልሰን፣ ጄምስ ቢገርና ባልደረባቸው በ1973 ባሳተሙት ሥራ፣ 150 ሄክታር ስፋት ባለው፣ ለዓይን አንድ ዓይነት በሚመስል እርሻ ላይ በ20 ቦታዎች የአፈሩን ውሃ የማስተላለፍ ጠባይ ለኩ። የአፈሩ ውሃ የመያዝ መጠን ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም ነበር፤ የማስተላለፍ አቅሙ ግን በብዙ እጥፍ ይለያይ ነበር። እንግዲህ ሞዴሉ «የአፈሩ የማስተላለፍ አቅም ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የትኛውን ቁጥር እንስጠው? አማካዩን? ብክለቱ ግን በአማካዩ መንገድ አይጓዝም፤ ቀድሞ የሚደርሰው በፈጣኑ መንገድ የሄደው ነው።

ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ሞዴሎቹ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ገቡ። በ1979 በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ የድንች ማሳዎች ሥር አልዲካርብ የተባለ ፀረ ተባይ በመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ተገኘ፤ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል ተብሎ የታመነበት መድኃኒት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ኬሚካል ከመሸጡ በፊት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል ወይስ አይወርድም የሚለውን በሞዴል ማስላት የተለመደ ሆነ። የኑክሌር ዝቃጭ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥያቄ ይዞ መጣ። ለአሥር ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ የሚቆይን ነገር መሬት ውስጥ ልቅበር የሚል መንግሥት፣ አሥር ሺህ ዓመት ቆይቶ ለማየት አይችልምና፣ በሞዴል ላይ መደገፍ ግድ ይሆንበታል። ሞዴሉ እንደ ምስክር ቀረበ ማለት ነው። ምስክር ከሆነ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

መስቀለኛ ጥያቄውን ለማደራጀት ቀድማ የተነሳችው ስዊድን ናት። የስዊድን የኑክሌር ኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሌሎች አገሮች ጋር በመሆን በተከታታይ ሦስት ዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶችን መራ፤ ኢንትራኮይን በ1981፣ ሃይድሮኮይን በ1984፣ ኢንትራቫል ደግሞ በ1987 ተጀመሩ። የመጀመሪያው በዋናነት የተለያዩ አገሮች ፕሮግራሞች አንዱን ጥያቄ ሲሰጣቸው ተመሳሳይ መልስ ይሰጡ እንደሆነ መመልከት ነበር። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ የፕሮግራም ስህተት ያጋልጣል። ግን መምህር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ስለጻፉ መልሱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሦስተኛው ፕሮጀክት፣ ኢንትራቫል፣ ይህን ተረድቶ ሞዴሎቹን ከእውነተኛ መሬት ጋር ማጋጠም ፈለገ። ውሃ ባልጠገበው ቀጠና በኩል ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ ከላስ ክሩሰስ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ጉድባ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዘርፋችን ታሪክ እንደዚህ ጉድባ የምወደው ጉድጓድ የለም። ፒተር ዊረንጋና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ድጋፍ፣ 26.4 ሜትር ርዝመት፣ 4.8 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድባ አስቆፈሩ። ሲቆፍሩም እግረ መንገዳቸውን ከዘጠኝ የአፈር ንብርብሮች ከ500 በላይ ናሙናዎች ወስደው የእያንዳንዱን ጠባይ በላቦራቶሪ ለኩ። እኔ ለዶክትሬቴ የለካሁት የአንድ ቱቦ አፈር እንደነበር አስታውሱ። ከዚያ ከጉድባው አጠገብ ያለውን መሬት ዝናብም ትነትም እንዳይነካው ሸፍነው በጠብታ መስኖ ቀስ ብለው አጠጡት። በውሃው ውስጥ መንገዱን የሚያሳዩ ንጥረ ነገሮች፣ ትሪቲየምንና ብሮማይድን የመሳሰሉ፣ ጨመሩ። የእርጥበቱን ግስጋሴ ከላይ በተተከሉ ቱቦዎች፣ የንጥረ ነገሮቹን ጉዞ ደግሞ በጉድባው ግድግዳ በኩል በገቡ መሣሪያዎች ተከታተሉ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን መሣሪያውን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው። በኋለኛው ሙከራ ሞዴል ሠሪዎቹ የአፈሩን ጠባይና የሚፈሰውን ውሃ መጠን ተሰጡ፤ ውጤቱን ግን አላዩም። ትንበያቸውን አስቀድመው ማስረከብ ነበረባቸው። መስመሩን ከነጥቡ ጋር ለማጋጠም ቁጥር የሚያንቀሳቅስ እጅ ታሰረ ማለት ነው። የእኔ አዛውንት ፈታኝ ጥያቄ በዚህ በረሃ ውስጥ መልስ ማግኘት ይችል ነበር፤ ነጥቦቹ ሌላ ቦታ ካረፉ ሞዴሉ ተሳስቷል።

ምን ተገኘ? ሁለት ነገር። አንደኛው አስደሳች ነው። የአፈሩ ጠባይ ከናሙና ናሙና እጅግ የሚለያይ ሆኖ ሳለ የእርጥበቱ ግንባር ግን ከተጠበቀው በላይ አንድ ወጥ ሆኖ ወረደ፤ አፈሩን አንድ ዓይነት አድርገው የሚቆጥሩ ቀላል ሞዴሎች እንኳ አማካይ ግስጋሴውን በደህና ሁኔታ ተነበዩት። ሁለተኛው ያን ያህል አያስደስትም። ሞዴሎቹ የውሃውን መጠን ከተነበዩት ይልቅ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ትሪቲየም የተነበዩት በባሰ ሁኔታ ነበር፤ በአንድ በተወሰነ ነጥብ ላይ የሚኖረውን መጠን ሲጠየቁማ ይብስ ይሳሳቱ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ሞዴሎችም በሁሉም መስፈርት ሌሎቹን የበለጠ አልተገኘም፤ የተወሳሰበው ከቀላሉ ይሻላል የሚል ዋስትና አልነበረም።

ውሃው ለምን ተሳካ፣ የሟሟውስ ለምን ከሸፈ? እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ በውሃው ጠባይ ውስጥ ነው። ደረቅ አፈር እርጥበቱን ይስባል፤ ቀድሞ የወረደውን ውሃ ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ወደ ኋላ የቀረው ይደርስበታል። ግንባሩ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። የሟሟው ንጥረ ነገር ግን የሚያስተካክለው የለም፤ በፈጣኑ መንገድ የገባ እንደ ፈጠነ ይቀጥላል። እንግዲህ እኛ በቀላሉ የምንለካውና ሞዴሉን የምናመሰግንበት ነገር ውሃው ነው፤ ሰው የሚታመመው ግን በሟሟው ነገር ነው። በእኔ ዕይታ ከላስ ክሩሰስ ልንወስደው የሚገባን ትልቁ ነገር ይህ ልዩነት ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ግን ጎልቶ ሲጻፍ አላየሁም።

በዚሁ ዓመታት አንድ ቃል ላይ ጠብ ተነሳ። ዓለም አቀፍ ተቋማት ሞዴሎችን «ቫሊዴት» ማድረግ ይሉ ነበር፤ ሞዴሉ የተፈጥሮን ሂደት በሚገባ የሚወክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ማኅተም እንደማኖር ያለ ነገር ነው። በ1992 ሌናርድ ኮኒኮውና ጆን ብሬድሆፍት የተባሉ ሁለት የከርሰ ምድር ውሃ ሊቃውንት «የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሎች ቫሊዴት ሊደረጉ አይችሉም» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አሳተሙ። ሞዴል ሊፈተን ይችላል፤ ሐሰት መሆኑም ሊታወቅ ይችላል፤ እውነትነቱን ማረጋገጥ ግን አይቻልም አሉ። በ1994 ኔኦሚ ኦሬስከስና ሁለት ባልደረቦቿ በ«ሳይንስ» መጽሔት ክርክሩን ለመሬት ሳይንስ ሞዴሎች በሙሉ አሰፉት። ኦሬስከስ የጂኦሎጂ ባለሙያም የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊም ናት፤ የእሷ ነጥብ የተፈጥሮ ሥርዓት ዝግ ስላልሆነ፣ ከማናውቀው ነገር ሁሉ ልንለየው ስለማንችል፣ የትንበያና የልኬት መገጣጠም ብቻውን የሞዴሉን እውነትነት አያስረዳም የሚል ነበር። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ መልስ ሊሰጡ ይችላሉና።

ከተግባር ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ደረሰባቸው። ፈረንሳዊው ጊስላን ደ ማርሲሊና ጓደኞቹ ለኮኒኮውና ለብሬድሆፍት በጻፉት መልስ፣ ይህ የፍልስፍና ጨዋታ እንደሆነና ማኅበረሰቡ ውሳኔ መስጠት እንዳለበት፣ ሞዴሉም ለተሰጠ ዓላማ በቂ መሆኑን ማሳየት እንደሚቻል ተከራከሩ። እኔ በወጣትነቴ ከደ ማርሲሊ ወገን ነበርሁ። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የአማርኛችንን ሀብት ለተማሪዎቼ የማስታውሰው እዚህ ላይ ነው። እኛ «ማረጋገጥ» ስንል ከ«እርግጥ» ጋር ይዛመዳል፤ ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ ማለት ነው። «መፈተን» ስንል ግን ወርቅ አንጥረኛው በእሳት የሚያደርገውን፣ መምህሩም በተማሪው ላይ የሚያደርገውን ማለታችን ነው፤ ዛሬ ያለፈ ነገ ሊወድቅ ይችላል። በቴክኒክ ዘገባዎቻችን ውስጥ «ሞዴሉ ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር «ተፈትኗል» በሚል እተካዋለሁ፤ ከዚያም ጸሐፊውን «መቼ? በምን? ማን ሲያይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዶች ክፉ አራሚ ነው ብለው ያሙኛል፤ ሰምቻለሁ።

ይህ ክርክር የቃላት ብቻ እንዳልነበረ ያሳየው ሃንፎርድ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የሚገኘው ይህ ስፍራ በ1943 ተቋቁሞ ለአሜሪካ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ፕሉቶኒየም የተመረተበት ነው። ከምርቱ የተረፈው ዝቃጭ 177 በሚሆኑ ከመሬት በታች በተቀበሩ ታላላቅ ጋኖች ተጠራቅሟል፤ ከእነሱ 149ኙ ባለ አንድ ግድግዳ ናቸው። በርካቶቹ አፍስሰዋል። በ1973 ብቻ ቲ-106 ከተባለው ጋን ወደ 435 ሺህ ሊትር የሚገመት ዝቃጭ ወደ አፈሩ ገባ። ጋኖቹ ካሉበት ደጋ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ድረስ ከ60 እስከ 90 ሜትር የሚደርስ ደረቅ አሸዋና ጠጠር አለ። ለብዙ ዓመታት የታመነበት ነገር ይህ ውፍረት ራሱ ጋሻ እንደሆነ ነበር፤ ዝናቡ ጥቂት፣ አፈሩ ወፍራም፣ በተለይም ሲዝየም-137 በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ከጋኑ ሥር ብዙ ርቆ ሊሄድ አይችልም። ሲዝየም በየ30 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ታስሮ ከቆየ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ስሌቱም ይህንኑ ይናገር ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤስኤክስ በተባለው የጋኖች ስብስብ ዙሪያ ባሉ የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ውስጥ ጨረር የሚለካ መሣሪያ ሲወርድ ሲዝየም ወደ 40 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ ተገኘ። የመጀመሪያው ምላሽ ምን ይመስላችኋል? ሞዴሉን መጠራጠር አልነበረም። ሲዝየሙ በአፈሩ ውስጥ አልሄደም፤ በጉድጓዱ የብረት ቱቦ ጎን ተንጠባጥቦ ነው የወረደው ተባለ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል፤ ይህ መላምት ከንቱ አልነበረም። ቱቦ ተከትሎ የሚወርድ ብክለት በእርግጥም ይኖራል፤ ልኬትም እንደ ሞዴል ሁሉ ሊሳሳት ይችላል። ነገር ግን መላምቱ ሊፈተን የሚችል ነበር፤ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከቱቦው ርቆ ያለው አፈር ሲታይ ሲዝየሙ በአፈሩ ውስጥም ነበር። በ1997 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ከጋኖቹ የፈሰሰ ዝቃጭ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ መድረሱን ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት ተቋም፣ በሃንፎርድ ስለ ዝቃጩ ጉዞ ያለው ዕውቀት ቁልፍ ውሳኔ ለመስጠት በቂ አይደለም ሲል ሪፖርት አወጣ።

ስህተቱ የት ነበር? የሪቻርድስ እኩልታ ላይ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩም በትክክል ደምሯል። በኋላ የተደረጉ የኬሚስትሪ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከጋኑ የፈሰሰው ነገር ተራ ውሃ አልነበረም፤ በሶዲየም ጨው እጅግ የበለጸገ ትኩስ ፈሳሽ ነበር። ሲዝየም የሚጣበቅባቸውን የአፈር ቦታዎች የሶዲየም ብዛት ቀድሞ ይይዝበታል፤ ማረፊያ ያጣው ሲዝየም ከፈሳሹ ጋር ይወርዳል። ሲዝየም ይጣበቃል የሚለው ቁጥር በተራ ውሃ ሲለካ እውነት ነበር፤ ያ እውነት ወደማይሠራበት ሁኔታ ተዛወረ እንጂ። እዚያ ሞዴል ውስጥ ሲዝየም የመጣበቅ ጠባይ አንድ ቋሚ ቁጥር ነበር። የቱንም ያህል ረቂቅ ስሌት ቢከተለው፣ ያ ቁጥር ቋሚ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ሞዴሉ 40 ሜትር ላይ ሲዝየም ሊያሳየን አይችልም ነበር። ትክክለኛ መልሱ ሊቀርብባቸው ከሚችሉት አማራጮች መካከል እንኳ አልነበረም።

ይህን ታሪክ እዚህ የምነግራችሁ ለአሜሪካኖች ስህተት ስል አይደለም። እኛም አገር ዛሬ በርካታ ጥናቶች በእነዚሁ ሶፍትዌሮች ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ከራሴ ተማሪዎች እጅ የወጡ ስለሆኑ ተጠያቂነቱ የእኔም ነው። ሞዴሎቹ የተቀረጹት በአመዛኙ አንድ ወጥ ለሆነ አፈር ነው። የእኛ ደጋ ሰፊ ክፍል ግን መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እረኛ በትሩን ሰዶ ጥልቀቱን የሚለካበት ስንጥቅ ነው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች፣ ማዳበሪያውንና ፀረ አረሙን ይዘው፣ በዚያ ስንጥቅ በኩል ሊወርዱ ይችላሉ፤ ከሳምንታት በኋላ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል፤ መሬቱም ውሃ ማስረግ ይቸግረዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ አፈሮች ማለት ናቸው፤ ሮታምስትዶች ያዩት ሁለተኛው ውሃ እዚህ ለሳምንታት ጌታ ይሆናል። ከክረምቱ አጋማሽ በተወሰደ ናሙና የተሞላ ሞዴል ስለ ሰኔ መጀመሪያ ምን ሊነግረን ይችላል? በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ የፈተንሁት የእኔው አፈር ተፈጭቶና ተነፍቶ ነበር፤ ስንጥቁን በገዛ ወንፊቴ አውጥቼዋለሁ። የአዛውንቱ ፈታኝ ጥያቄ ሙሉ ትርጉም የገባኝ ይህን ባሰብሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ጋር አንድ ነገር እንለማመዳለን። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በአንድ የመረሬ መሬት ላይ ሰማያዊ ቀለም ይረጫል። እያንዳንዱ ተማሪ የፈለገውን ሞዴል ተጠቅሞ ቀለሙ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚደርስ፣ ከዚያ በታችም ቢገኝ ከግምቶቹ የትኛውን እንደሚጥል በአንድ ገጽ ጽፎ በፖስታ ያሽጋል። ያንን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስሌቱን ከመሥራት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ከዚያ ዝናቡ ጥቂት ከጣለ በኋላ ጉድጓድ ቆፍረን ግድግዳውን እናያለን፤ ፖስታዎቹ የሚከፈቱት እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ፣ ጭቃው ላይ ቆመን ነው።

የዘንድሮዎቹ ዘጠኝ ፖስታዎች ናቸው፤ በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከእነሱ አንዱ የእኔ ነው። ቀለሙ ባለፈው ሳምንት ተረጭቷል፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም። ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ጉድጓዱ በሚቆፈርበት ቀን ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ቦቲ ጫማ ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።